የታጠበው ቆዳ

ቆዳውን ያጠብኩት ስለገማ ነው። ደግ ለመሆን አልነበረም።

ቦራ የአክስቴ ላም ናት። በወሩ መጀመሪያ ወንድ ጥጃ ወለደች። ወንድ ጥጃ አይታለብም፤ የሚጠባው ደግሞ ለደንበኛ የሚሸጠውን ወተት ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ሥጋ ሻጩ መጥቶ ወሰደው፤ ቆዳው ብቻ ተመለሰ። የአክስቴ ቅጥር አላቢ ቆዳውን ጨው አሽቶ፣ ገለባ ሞልቶ ሰፋው። በየጠዋቱ ቦራ ፊት ይቆማል። እሷ ትልሰዋለች፣ ወተቷ ይወርዳል፣ አላቢው ያልባል። ልጅ ሆኜ ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ያኔ አሻንጉሊት ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ በሕግ ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት ተመለስኩ። ቆዳውን ደግፎ መያዝ የእኔ ድርሻ ሆነ። ሽታው ሲያንገሸግሸኝ በሳሙና ፈትጌ አጥሩ ላይ አሰጣሁት።

በማግሥቱ ቦራ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ከዚያ አንገቷን ወደ በሩ አዙራ መጮህ ጀመረች። አላቢው ቢያሻሽ፣ ቢለማመጥ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

"ማነው ይሄን ያጠበው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ጎሽ፣ ጠበቃዋ! ማስረጃውን አጠፋሽው።"

ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸች። ጎረቤቶች ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ተመለሱ። አንዷማ "ላም አለኝ በሰማይ ሆነ የእናንተ ነገር" ብላ ስቃ ሄደች። አክስቴ አልሳቀችም። ስልክ አንስታ ሥጋ ሻጩን "ነገ ጠዋት ና" አለችው።

"እቴቴ፣ ቦራ ምን አጠፋች? ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"የማትታለብ ላም ምን ላድርጋት? ቁጭ ብዬ ልቀልባት?"

"ልጇን እኮ ነው የምትጠራው። አርደን ስናበቃ በቆዳው እናታልላታለን። ወተት ብቻ ነው የምሸጠው ትያለሽ፤ ወተቱ ያለ ቢላዋ መጥቶ ያውቃል?"

"አንቺስ በምን አደግሽ? እህቴ ስትሞት ገና የስድስት ወር ልጅ ነበርሽ። የዚችን አያት ወተት ጠጥተሽ ነው ሰው የሆንሽው።"

"ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ዛሬ ግን ሻይ ላይ ጠብ ለማድረግ ነው።"

"የበላሽበትን ወጪት ስበሪ ነው ያሉሽ እዚያ ዩኒቨርሲቲ?"

መልስ ነበረኝ። ግን የተማርኩበትንም ክፍያ የከፈለው ያው ወተት ነውና ዋጥ አደረግኩት።

ጠዋት ዝናብ ነበር። ለቦራ ውሃ ላቀርብ ስወጣ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የአክስቴን ባል አሮጌ ካፖርት ደረብኩ። ከዚያ በፊት የለበስኩት ጥጃው የተወለደ ቀን ነው፤ እርጥብ ገላውን የጠረግኩት በእጅጌው ነበር። ይህን ያስታወስኩት ቦራ ድንገት ዝም ስትል ነው። አፍንጫዋን እጅጌዬ ላይ ለጠፈች። ከዚያ መላስ ጀመረች፤ ወተቷ ማንም ሳይነካት ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

አላቢው ከደጅ አየን።

"እንዳትንቀሳቀሺ!" ብሎ ባልዲ ሊያመጣ ሮጠ።

ማፈግፈግ እችል ነበር። ካፈገፈግኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሥጋ ሻጩ መኪና ይመጣል። ከቆምኩ ደግሞ ቆዳው እኔ ነኝ። ቆምኩ።

ባልዲው ሲሞላ አክስቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ "ተወው፣ አትምጣ" ስትል ሰማሁ። ከዚያ በብርጭቆ ቀድታ፣ አረፋው ሳይጠፋ፣ አቀረበችልኝ። የእርቅ መሆኑ ገብቶኛል።

"አልጠጣም፣ እቴቴ።"

"ዛሬም?"

"ከዛሬ ጀምሮ።"

 ብርጭቆውን መልሳ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችውና ወደ ቤት ገባች።

"ሽታው ስንት ቀን ይቆያል?" አልኩት አላቢውን።

"እንጃ" አለ፤ ዘንድሮ የሰማሁት ቀልድ የሌለበት መልሱ ይህ ብቻ ነው። "ብቻ እንዳታጥቢው። ነገም ለብሰሽው ነይ።"

እጅጌዬ እስከ ክርኔ ርሷል። ቦራ ገና አልጨረሰችም ነበር።