ማር የሌላት አበባ

ትርፌ አሰላ ውስጥ፣ ወደ በቆጂ መውጫው ላይ ምግብ ቤት ከከፈተች ጀምሮ ያገኘችው ቋሚ ደንበኛ ግቢዋ ውስጥ የተከራየው ቲቸር ይስሃቅ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ሌላ ቤት ድረስ መሄድ ስለሚሰንፍ ነው። መኪናው ሁሉ ጭቃ ይረጭባታል እንጂ አይቆምላትም። ዴራ ያለችው ታላቅ እህቷ አሰፋሽ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነግራታለች፦ "እስከ መስቀል ካልቀናሽ ዝጊና ነይ፤ በርበሬ የሚቀነጥስልኝ ሰው አጥቻለሁ።" ትርፌ በእህቷ በርበሬ እያስነጠሰች ማርጀት አልፈለገችም። ግን ምን ታድርግ?

ይስሃቅ ከአርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ሌላው ሰው ቅዳሜን ሲያርፍባት፣ እሱ ጭላሎ ተራራ ላይ እየተንሸራተተ አበባ ፎቶ ያነሳል። አንድ ቅዳሜ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ገባና ሽሮው እስኪቀርብለት ስልኩን አሳያት።

"ኦርኪድ ናት፣ እትዬ ትርፌ። ማር የሚባል ነገር የላትም፤ ግን ማር ያላቸውን አበቦች ትመስላለች። ንቧ ተታላ ትገባለች፣ ምንም ሳትቀምስ ትወጣለች። አበባዋ ግን የዘር ዱቄቷን ጀርባዋ ላይ ለጥፋ ነው የምትሸኛት። ንቧ ደግሞ ቀጣይዋ አበባ ጋ ሄዳ ትሞኝና ዱቄቱን ታደርስላታለች።"

"አይ ተንኮል!"

"የባሰባትም አለች። በውጭ አገር አንዷ ኦርኪድ አበባዋ ቁርጥ ሴት ተርብ ነው፣ ሽታዋ ሳይቀር። ወንዱ ተርብ ሚስት አገኘሁ ብሎ እየበረረ ይመጣል።"

ትርፌ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ድንገት አቋረጠችው።

"ቆይ፣ ቲቸር። ተርቡ የሚቆመው ሌላ ተርብ ያየ ሲመስለው ነው ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ሾፌርስ?"

ይስሃቅ አልገባውም። መንገድ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ግን ወዲያው ይገባው ነበር። ሾፌር ያለበት ቤት ምግቡ ይጣፍጣል፤ ደጁ ላይ መኪና የሌለበትን ቤት ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከጎኗ ባለው በሀይሉ ጋራዥ ውስጥ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ከከረመ ቆይቷል። ባለቤቱ ወንድምአገኝ፣ የአቦምሳ ሰው፣ ሞተሩን አስወርዶ ሊያሠራው አዳማ ወስዶታል። ሀይሉ ቦታዬን ያዘብኝ እያለ ሲያማርር ነው የሚውለው። ትርፌ "ደጄ ላይ ይቁም" ስትለው ደስታውን አልቻለውም። ለወንድምአገኝም ተደወለለት፤ "ብቻ ጫጩት እንዳይፈለፈልበት" ብሎ ፈቀደ። ሰኞ ከሰዓት ገፍተው አመጡት። ትርፌ ጭቃውን አጠበችው፣ መስታወቱን ወለወለችው፣ ሠርግ የሚሄድ አስመሰለችው።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ጉድ ፈላ። አይሱዙውን አይቶ ሚኒባስ ቆመ፤ ሚኒባሱን አይቶ ቅጥቅጥ ቆመ፤ ከዚያማ ደጁ መናኸሪያ መሰለ። ትርፌ ከደስታዋ የተነሳ እጇን የምታደርግበት ጠፋት። ድስቱን ስታየው ግን ክው አለች። እንደ ልማዷ የሠራችው ለራሷና ለቲቸር፣ ቢበዛ እግር ለጣለው አንድ እንግዳ ነበር።

መጨረሻ ላይ የገባው ባንተአምላክ የሚባል፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ከክላክሱ የማያንስ ሾፌር ነው።

"ወጥ አልቋል፣ ጋሼ" አለችው።

"ማን ጨረሰው? የዚያ አይሱዙ ሾፌር ነው? የታለ እሱ?"

ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ተያየ። የአይሱዙ ሾፌር የለም። ባንተአምላክ ወጣና የመኪናውን ጋቢና ወደ ፊት ገለበጠው። ከሥሩ ባዶ ነው።

"ጎበዝ!" ብሎ ጮኸ። "መኪናው ሞተር የለው፣ ድስቱ ወጥ የለው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ትርፌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ይስሃቅ ሊያጽናናት ጠጋ አለ።

"አይዞሽ። ኦርኪዷም አታፍርም፤ ነገ ሌላ ንብ ትመጣለች።"

"ንብ መናኸሪያ ሄዳ አታወራም፣ ቲቸር! ይሄ ሰውዬ ግን እስከ ሁሩታ ነው የሚያዳርሰኝ!"

ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳ ውስጥ ጭኮ አለ፤ የገብስ በሶ በንጥር ቅቤ አሽታ ያሰናዳችው፣ ተሸንፋ ዴራ ስትሄድ ባዶ እጇን እህቷ ቤት ላለመግባት ነው። ጠቅላላውን አውጥታ ባንተአምላክ ፊት አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ አታልዬዎታለሁ። መኪናው የሰው ነው። ይሄ ግን የእጄ ነው።"

ባንተአምላክ ቀመሰ። ደገመ። ሌሎቹም እጃቸውን ሰደዱ፣ ሳቁም ጋብ አለ። በመጨረሻ ጣቱን ልሶ በኦሮምኛ "ገለቶሚ" ብሎ አመሰገናትና ሄደ።

እንደፈራችው በየመናኸሪያው አወራባት። ሾፌሩ ሁሉ ሞተር የሌለውን አይሱዙ ካላየሁ እያለ መጣ፤ አይቶ ስቆ ጭኮ በላ፤ በማግስቱ ጓደኛውን አስከትሎ ተመለሰ። ቤቱም "ሞተር የለሽ" የሚል ስም ወጣለት። ትርፌ ትልቅ ድስት ገዛች፣ ዙቤዳ የምትባል ጎረቤቷንም አብራት እንድትሠራ ቀጠረች።

በመስቀል ሳምንት ግን ወንድምአገኝ ሞተሩን ይዞ መጣ። ሀይሉ ገጠመለት፤ አይሱዙው አጓራ። ወንድምአገኝም ምሳውን በልቶ፣ መርቋት፣ መኪናውን ይዞ ወደ አቦምሳ ሄደ።

በማግስቱ ደጇ ላይ የቀረው የዘይት ጠብታ ብቻ ነበር። ሚኒባስ አለፈ። ቅጥቅጥ አለፈ። ዙቤዳ የሞላውን ድስት መልሳ ከደነችው። ትርፌ "አይ፣ ሰዉ የሚመጣው ለመኪናው ነበር" ብላ ወደ አሰፋሽ ልትደውል ስልኳን አወጣች።

ያን ጊዜ ክላክስ ጮኸ። ባንተአምላክ ነው። መኪናውን አስጠግቶ፣ አስጠግቶ፣ ልክ ዘይቱ ላይ አቆመው።

"ያ ጉደኛስ?"

"ሞተር ገባለትና ሄደ፣ ጋሼ።"

ባንተአምላክ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ፣ በእጇ የያዘችውን ስልክ አየ። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ሰጣት።

"ያዢልኝ" አላት። "ቤትሽ እስኪሞላ ድረስ እኔም ሞተር የለኝም።"