በማለዳ የመጡት

ድሬዳዋ ላይ ቀትር ሲቃረብ መስኮቱን የማይዘጋ ሰው የለም። ፀሐይዋ ይሉኝታ የላትም፤ ሳትጠራ ትገባለች፣ ገብታም አልጋ ላይ ትጋደማለች። ስለዚህ የሚቅመው ጫቱን አቅፎ፣ የሚተኛው ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ውስጥ ይከተታል። አሥር ሰዓት ሲል ግን መስኮቱ ሁሉ ኳ ኳ እያለ ይከፈታል፤ ከተማዋም እንደገና ሰው ሰው ትሸታለች። በዚያ ሰዓት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጫፍ፣ ከባቡር ድርጅቱ ከሽማንደፈር ሠራተኞች ቤቶች መሀል፣ የማይከፈት አንድ መስኮት ነበር፤ የወይዘሮ በለጠች መስኮት። ከተዘጋ ሰባት ዓመቱን ደፍኗል።

በነጻ እርምጃው ዘመን የበኩር ልጃቸውን ሣህሉን ታጣቂዎች ወሰዱት። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ እናቱን ያያቸው በዚያው መስኮት ነበር። «ይኼን የሚከፍተው እሱ ነው» ብለው ዘጉት፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠው መስኮት የግድግዳ ያህል ዝም አለ። ያኔ ማልቀስ ክልክል ነበር። ጥቁር መልበስም ክልክል ነበር። በኋላ ክልከላው ሲላላ ደግሞ ወይዘሮ በለጠች ራሳቸው እንቢ አሉ።

«ምን ሆኜ ነው የማለቅስ?» ይላሉ ለሚመክራቸው ሰው ሁሉ። «መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ መጥቶ ደጅ ይቆማል። እኔ ደጅ በማለዳ የቆመ ሰው አይታችኋል? አላያችሁም። እንግዲያው ልጄ አለ።»

ማታ ማታ ራት ሲቀርብ የሣህሉን ድርሻ ቀድመው ያነሳሉ። በሰሃን ከድነው፣ በተዘጋው መስኮት ደፍ ላይ ያኖሩታል። ሲነጋ ለነዳይ ይሰጣል።

ሴት ልጃቸው የኔነሽ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። አባቷ ወልደ ማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሽማንደፈር ጋራዥ ፉርጎ ላይ ቁጥር በቀለም የሚጽፉ ነበሩ፤ ሲሞቱ የተረፏት ሦስት ብሩሽና ግማሽ ጣሳ ቢጫ ቀለም ናቸው። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «ፉርጎ» ትላለች። የሱቅ ማስታወቂያ ትጽፋለች፣ የፀጉር ቤት መስታወት ላይ ጎፈሬ ትስላለች፣ ቀበሌ ሲያዝዛት ደግሞ መፈክር። ለማንም አንገቷን አትደፋም፤ ምላሷም እንደ ብሩሿ ነው፣ የነካው አይለቅም።

የቀበሌው የባህል ጉዳይ ኃላፊ ጓድ በዛብህ ሐምሌ ሲገባ አስጠራት።

«ጓድ የኔነሽ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን እናዘጋጃለን። አዳራሹ ያንቺ ነው።»

«ጢም ከሆነ ይቅርብኝ። የሦስቱን የአብዮት አባቶች ጢም ስቀባ ጥቁር ቀለም ከድሬ ጠፋ።»

«ምላስሽ አንድ ቀን ያሳስርሻል!»

«ከኛ ቤት የታሰረው ይበቃል። ፀሐይን እስላለሁ፤ አሥራ ሁለት ሥዕል፣ የድሬዳዋን ፀሐይ።»

ጓድ በዛብህ ፊቱ በራ። «የአብዮቱ ንጋት!»

«እንዳልክ።»

ይኼ «እንዳልክ» ሳይቆረቁረው አልቀረም። ከመሀል አገር የመጣ ነው፤ ድሬዎች ትልቅ ትንሽ ሳይሉ ሁሉን «አንተ» ማለታቸውን እስከ ዛሬ አልለመደላቸውም።

የኔነሽ ግን ሐሳቧ ከአብዮቱ ጋር አልነበረም። በሰኔ እናቷን ሐኪም ዘንድ ወስዳ ነበር። ሐኪሙ አዳምጦ፣ አገላብጦ፣ «ሳንባም አይደለም፣ ልብም አይደለም» አላት። «ሐሳብ ነው የያዛቸው። ፀሐይ ይሙቁ፣ ከሰው ይቀላቀሉ። ጨለማ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሐዘን እንደ እርሾ ነው፣ ይፈላል።» እናቷ ይኼን ሲሰሙ «ፀሐይ ለኔ ምን ሠርታልኝ?» ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። የኔነሽም እልህ ያዛት። ፀሐይ በመስኮት ካልገባችላቸው በአቡጀዲ ወጥራ ታሳያቸዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እናቷ ሥዕሎቹን አይተው ሲመለሱ ያንን መስኮት በገዛ እጃቸው እንዲከፍቱት።

የማትናገረው ነገርም ነበራት። ከሁለት ዓመት በፊት አብዱላሂ ከእስር ተፈታ። የሣህሉ አብሮ አደግ ነው፣ አብረው ነው የተያዙት። እግሩን እየጎተተ መጥቶ ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ወንዙ በደረቀበት፣ አስቀመጣት።

«በታሰርን በሁለተኛው ወር ነው» አላት። «በስሙ ጠሩት፤ ኮቱን ለኔ ሰጥቶኝ ወጣ። አልተመለሰም። ሌላ አትጠይቂኝ አቦ፣ እለምንሻለሁ።»

አልጠየቀችውም። «ለእናቴ እንዳትናገር» ብቻ አለችው። «ትሞትብኛለች። እኔ እሸከመዋለሁ።» ተሸከመችውም። እናቷ ድርሻውን ሲያነሱ ዓይኗን ሰሃኗ ላይ ተክላ ትበላለች፤ ጠዋት ለነዳይ የምትሰጠውም እሷ ናት።

ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ተሠሩ። ፀሐይ የባቡር ጣቢያውን ጣራ ስትልስ። ፀሐይ በጫት ቅጠል መሀል ሾልካ የሽማግሌ ጉንጭ ላይ ስትቀመጥ። ደቻቱ አሸዋ ላይ በቀትር አንዲት ፍየል የአህያ ጥላ ተከራይታ። ጎረቤታቸው ነጋዴዋ ዛምዛም ከጠረፍ፣ ከደወሌ ከመጣው ባቡር ስትወርድ፣ የልባሽ ጨርቅ እስሯ ላይ ፀሐይ እንደ ፈታሽ ተቀምጣ። አሥራ አንዱ አለቁ። አሥራ ሁለተኛው ግን ሦስት ሳምንት እንቢ አላት። በመጨረሻ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነቅታ፣ ግቢው ውስጥ ሸራዋን አቁማ፣ ሳትነሳ ጨረሰችው፦ የራሳቸው የግቢ በር፣ ከበሩ ኋላ የምትወጣ ፀሐይ፣ በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች፣ ጥላቸው ረዝሞ ግቢውን አቋርጦ ደረጃው ድረስ የገባ። ብሩሹን ስታጥብ ሰውነቷ ቅልል አላት። የዚያን ቀን ቀትር ላይ ተኛች፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲያ ተኝታ አታውቅም። ደስታ ነው የሳልኩት ብላ አመነች።

ጓድ በዛብህም አሥራ ሁለተኛውን ሲያይ አጨበጨበ። «ሰፊው ሕዝብ ንጋቱን ሲቀበል! መሀል ግድግዳ ላይ ይሰቀል!»

የመክፈቻው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ዛምዛም ጃንጥላዋን ይዛ ወይዘሮ በለጠች ዘንድ ገባች።

«ሀዬ በለጠች፣ ተነሽ አቦ! ልጅሽ ፀሐይን ይዛ ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች። መንግሥት እንኳ እሷን አላሰረም!»

«ዝም በይ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው። እኔ የትም አልሄድም።»

«ወላሂ ካልመጣሽ ተሸክሜሽ ነው የምሄድ። በስንት ጉምሩክ ዓይን ሥር ዕቃ ያሳለፍኩ ሰው አንቺን ከዚህ እዚያ ማሳለፍ ያቅተኛል? ቦንዳ ጨርቅ አታክይም።»

«ምላስሽ ከባቡር ይረዝማል» አሉና ተነሱ። የኔነሽ ጓዳ ሆና ስትሰማ ልቧ ዘለለ።

በከዚራ ዛፎች ሥር ቀስ እያሉ ሄዱ። ለወይዘሮ በለጠች ቀን ወጥቶ መሄድ ቀርቶባቸው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በጨለማ ሄደው ሳይነጋ ነው የሚመለሱት። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለው የልጃቸውን ክንድ ያዙ። እጃቸው ክብደት አልነበረውም።

አዳራሹ ሞልቷል። ዛምዛም የራሷን ሥዕል ስታይ ጮኸች። «ይቺ እኔ ነኝ! ግን ዳሌዬን ምን አደረግሽው? ይኼ ዳሌ በስንት ኪሎ ሐልዋ የመጣ ነው፣ ግማሹን በላሽብኝ!»

ወይዘሮ በለጠች ሳቁ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ እንደ ሳልም ነበር፣ ግን ሳቅ ነው። ወደ ፍየሏ አለፉ፤ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይቺ ብልጥ» አሏት። ነጠላቸው ከዓይናቸው ላይ ወደ ትከሻቸው ወረደ። የኔነሽ ወደ ጎን ዞራ ዓይኗን ጠረገች። ሆነልኝ አለች በልቧ፤ ነገ ይከፈታል።

አሥራ ሁለተኛው ሥዕል ፊት ሲደርሱ እናቷ ቆሙ። ብዙ ቆሙ።

«ይኼ የኛ በር ነው።»

«አዎ እማዬ።»

«ሰዎቹስ?»

«ጎረቤቶች ናቸው። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ…»

ወይዘሮ በለጠች ጣታቸውን አንስተው ሸራውን ሳይነኩ ቆጠሩ። «አምስት ናቸው። ሽማግሌው ቀድሟል። ሴትየዋ ነጠላዋን በአፏ ይዛለች። ይኼ ልጅ ኮት በክንዱ ይዟል። አንዱም በሩን አያንኳኳም።»

የኔነሽ የገዛ ሥዕሏን ያየችው ያኔ ገና ነው። በእጇ የሠራችውን፣ ቢጫውን ከአባቷ ጣሳ ጨልፋ የቀባችውን፣ ደስታ ያለችውን። አፏ ያሰረውን እጇ ፈትቶ አደባባይ ሰቅሎታል።

«ማን ነገረሽ?» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ከሸራው ሳይነቅሉ።

«አብዱላሂ።»

«መቼ?»

«እንደተፈታ።»

«እንደተፈታ…» ከንፈራቸው ቆጠረ። «ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ድርሻውን ሳነሳለት አጠገቤ ተቀምጠሽ ጎረስሽ።»

«እማዬ፣ አንቺን እንዳላጣ ብዬ…»

«ዝም በይ። ሰው ያየናል።»

ጓድ በዛብህ እጆቹን እያፋተገ ደረሰ። «እማማ፣ ንጋቱን እንዴት አዩት?»

«አየሁት ልጄ» አሉት። «ጥርት ብሎ ነጋ።»

ከዚያም በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ገለበጡ፣ ዘቅዝቀው ለበሱት። ጓድ በዛብህ አልገባውም። ዛምዛም ግን ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። «ኢና ሊላሂ» አለች በሹክሹክታ፣ መጥታም በሌላ ጎናቸው ያዘቻቸው።

የዚያን ምሽት ድርሻ አልተነሳም። ባዶው ሰሃን መደርደሪያው ላይ ቀረ፤ የኔነሽ እሱን ላለማየት ወለሉን ታያለች። እናቷ ተናገሩ።

«መርዶ በግድግዳ አይነገርም። ልጄ መንገድ ላይ የወደቀ ውሻ አይደለም። ሰው መጥቶ በደንቡ ይንገረኝ።»

«እሺ እማዬ። አሁን ሄጄ ለዛምዛም እነግራታለሁ። አብዱላሂንም፣ ጋሽ ሙመድንም…» ጋሽ ሙመድ ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት በጋራዡ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አንቺም ከእነሱ ጋር ትመጫለሽ።»

የኔነሽ ቀና አለች። «እኔ? እኔ እኮ የቤት ሰው ነኝ። እህቱ ነኝ። የቤት ሰው መርዶ ይዞ ደጅ አይቆምም።»

«ያወቀ ከውጭ ነው የሚቆመው» አሉ ወይዘሮ በለጠች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ያች አንድ ሲሏት ሁለት የምትመልስ ልጅ ተነሳች። ነጠላዋን ይዛ ወጣች፤ ዛምዛም ቤት አደረች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ሙመድ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት። ዛምዛም፣ የሻሿን ጫፍ በአፏ ይዛ። የነፍስ አባታቸው አባ ሣህለ ማርያም መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። አብዱላሂ፣ የሣህሉን ኮት አጥፎ በክንዱ ላይ፤ ሁለት ዓመት የት እንደሚያኖረው ጨንቆት ነበር። አምስተኛዋ የኔነሽ ናት። ማንም አላንኳኳም። ፀሐይዋ ከኋላቸው ወጣች፤ ጥላቸው በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ከእነሱ ቀድሞ ደረጃው ጋ ደረሰ።

ያኔ የዛገ ማጠፊያ ሲጮህ ተሰማ። አንድ ጊዜ ተገፋ፣ እንቢ አለ። ደግሞ ተገፋ። የሰባት ዓመት አቧራ ከመዝጊያው ላይ ተራግፎ ብርሃኑ ውስጥ ተንሳፈፈ፤ መስኮቱም ተከፈተ።

ወይዘሮ በለጠች ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ስትወርድ አልሸሹም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ የኔነሽ በዚያ ጨለማ ቤት አብራ ስትኖር ይኼን ያህል መንጣቱን አላየችም ነበር። ደጅ የቆሙትን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ በማለዳ እንግዳ እንደደረሰበት ሰው፣ ጠየቁ።

«ማን ናችሁ፣ በዚህ ማለዳ?»

ጋሽ ሙመድ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወይዘሮ በለጠች ግን ወደ እሳቸው አልነበረም የሚያዩት። ሽማግሌው ይኼን አይተው ከዘራቸውን ሰበሰቡ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አሉ።

መርዶ ይዞ የመጣ ሰው «እማዬ» አይልም። የኔነሽ ሌላ ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም።

«እኛ ነን፣ እማዬ» አለች።