ዘጠና ደቂቃ መቆም

ማልያው አልገባ አለው። አንገቱን አሳለፈ፣ አንድ እጁን አስገባ፤ ብብቱ ጋ ሲደርስ ጨርቁ እምቢኝ አለ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ጥቂት አየችውና፣ «ሳትቀደው አውልቀው» አለችው።

ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ በየዓመቱ ስንት ጣት እንደሚወፍር ሜትር ሳታነሳ ታውቃለች። የማልያውን ሁለት ጎን ከወገብ እስከ ብብት ተረተረችና ከአሮጌ የልምምድ ሹራብ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጣ መካከል አስገባች። ማልያው ሰማያዊ ነው፤ ቁራጮቹ ግራጫ። ጀርባው ላይ ያለውን አሥር ቁጥር አልነካችውም።

«ስንት ደቂቃ ነው?» አለች መርፌው ላይ እንዳቀረቀረች።

«ዘጠና።»

«አንተ ግን አትሮጥም።»

«አልሮጥም። ቆሜ ነው የምጨርሰው።»

«ማልልኝ።»

«በምን ልማልልሽ?»

«በጉልበትህ። ማታ ማታ የማሸው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የኔም ነው።»

ሳቀ። ከሳቀ ሰንብቶ ስለነበር ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «በጉልበቴ እምላለሁ» አላት።

ሰው ሁሉ መቀስ ይለዋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በክለቡ ሜዳ ላይ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ አየር ላይ ተንጋለለና እግሮቹን እንደ መቀስ አፋጭቶ ኳሷን መረብ ውስጥ ከተታት። የክለቡ ብቸኛ ዋንጫ የመጣው በዚያች ግብ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ። አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የዚያው ክለብ አሰልጣኝ ነው፤ ቀኝ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል።

ክለቡ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ ከከፈለ አምስት ወር አልፎታል። በሁለተኛው ወር ሊቀመንበሩ ስልክ ማንሳት ተወ፤ በሦስተኛው ስልኩም ሰውየውም ጠፉ። ወጌሻው በአራተኛው ወር ሄደ። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ። አንዱ «አያቴ ታመሙ» ብሎ ወጣ፤ ሲወጣ ግን ታኬታውንም ትራሱንም ይዞ ነበር። ሁለት ጊዜ ለጨዋታ የሚበቃ ሰው ጠፍቶ በፎርፌ ተሸነፉ። የሊጉ ደንብ ደግሞ ልመና አይሰማም፤ ከሰባት ሰው በታች የሆነ ቡድን አይጫወትም፣ ሦስት ጊዜ ፎርፌ የሰጠ ክለብም ከመዝገብ ይሰረዛል።

ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሲሚንቶ ነጋዴ መጥቶ በሚያብረቀርቅ ጫማው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰበት። «እገዛችኋለሁ፤ የልጆቹንም ውዝፍ እከፍላለሁ» አለ። «ብትወርዱም ግድ የለኝም። መዝገብ ላይ ያለ ክለብ አምጡልኝ እንጂ የሞተ አልገዛም።» መቀስ ይህን ለቀሩት ተጫዋቾች ሲነግራቸው በገዛ ስሙ ዋስ ሆነላቸው። የቀሩት ስድስት ናቸው።

ሰባተኛው ከቀልድ ተገኘ። ዓመቱ ሲጀመር ለፌዴሬሽኑ የሚላከው የስም ዝርዝር አንድ ሰው ጎድሎት የክለቡ ጸሐፊ በቸኮለ እጁ የአሰልጣኙን ስም ሞላበት። ፎቶ የተለጠፈበት የተጫዋችነት ካርዱ፣ ቴሴራው፣ ሲመጣ ልጆቹ እንባቸው እስኪወርድ ስቀው የመልበሻ ክፍሉ መስታወት ላይ ለጠፉት። ዛሬ ጠዋት መቀስ ያንን ካርድ በጥፍሩ ፈልቅቆ ኪሱ ከተተው።

ሜዳው ሲደርስ እትዬ የደረቁትን ማልያዎች ከገመዳቸው እያወረዱ ነበር። እትዬ የክለቡን ማልያ ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠቡ ናቸው፤ ቤታቸው ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ያለች አንድ ክፍል ናት። ሜዳው ከከተማው ለክለቡ የተሰጠው ክለብ እስካለ ድረስ ስለሆነ፣ የእሳቸውም ጣሪያ የቆመው በክለቡ ነው። ገመዱን ከግቡ ቋሚ እስከ መቀመጫው ምሰሶ ይወጥሩና ማልያዎቹን በቁጥራቸው ተራ ያሰጣሉ። ተጫዋቾቹ ከሄዱ ወዲህ እንኳ የሄዱትን ቁጥሮች ቦታ ባዶ እየተዉ ነው የሚያሰጡት፤ በሁለትና በአምስት መካከል የሁለት ማልያ ስፋት ሰማይ ይታያል።

«ዛሬም ቦታ ትተዋል?» አላቸው።

«ቢመለሱስ? ቦታዬን ለሌላ ሰጡብኝ ይበሉ?» ቀና ብለው አዩትና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ውይ! አንተ ልጅ፣ በቁምጣ!»

«አሰልፈውኛል፣ እትዬ።»

«እሰይ።» ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሰረዙን ክፍሏን ይቀበሉኛል አይደል?»

«አይሰርዙንም።»

«አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅሁት።»

ወደ መልበሻ ክፍሉ በሚወስደው መተላለፊያ የዚያች ግብ ፎቶ ተሰቅሏል። እርጥበት ጥጉን በልቶ ኳሷን ከነመረቡ አጥፍቷታል፤ የቀረው አየር ላይ የተንጋለለ አንድ ሰው ብቻ ነው። መቀስ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሳያየው አለፈ።

ውስጥ ስድስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አምበሉ በረኛ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ልጆቹን ወደ አማቱ ቤት ልኮ ራሱ ከጓደኛው ጋር ተዳብሎ ይኖራል። ማልያውን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

«ኮች፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ንገረን። ስምንት እንሆናለን።»

ሁሉም ሳቁ። በቅርቡ አሥራ ዘጠኝ የሞላው የግራ ክንፍ ተጫዋች ሳቁን ሊያፍን ካልሲውን አፉ ውስጥ ጨመረ።

መቀስ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «አሸንፉ አልላችሁም» አለ። «ሃያ ይግባብን። ግን ማንም አይጎዳ፣ ማንም ቀይ አይይ፣ ከዳኛ ጋር ማንም አይነታረክ። አንድ ሰው ከጎደለ አለቀልን። ዘጠና ደቂቃ መቆም ብቻ ነው።»

«አንተስ?» አለ አምበሉ፤ አሁን አይስቅም።

«እኔ ፊት ነኝ። እንደ እንጨት እገተራለሁ።»

«አደራ፣ ኮች።»

ተመልካቹ ስልሳ ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ፀጉሩ የሸበተ። መቀስ እያነከሰ ሲገባ አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነሣና ኮፍያውን አወለቀ፤ ሌሎቹም ተነሡ። «መቄ! መቄ!» እንዲህ ሲጠራ የሰማው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ሊያሰላ ጀመረና ተወው።

ተጋጣሚዎቹ ልበ መልካም ልጆች ነበሩ። ግብ ሲያገቡ አይጨፍሩም፤ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል አቀርቅረው ይመለሳሉ። እረፍት ላይ ስድስት ለባዶ ሆነ። በስልሳኛው ደቂቃ ዘጠኝ። መቀስ በተጋጣሚው ሜዳ ብቻውን ቆሟል፤ ጨዋታው ሁሉ ከኋላው እሩቅ ላይ ነው። የሰው ጩኸት ሲያይል ግብ መሆኑን ያውቃል። አንዳንዴ ኳስ አጠገቡ ትንከባለላለች፣ ያያታል፣ ታልፈዋለች። ጉልበቱ ዝም ብሏል። ሃያ አንድ ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ እያለ ይቆጥራል። ከመቁጠር በቀር ሥራ አልነበረውም፤ ለመቁጠር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ስሙን መጥራት አልነበረበትም።

በሰባ አንደኛው ደቂቃ የግራ ክንፉ ልጅ ኳስ አገኘ። ያገኛት ስላባረራት አይደለም፤ ተጋጣሚዎቹ ሰልችቷቸው ትተውለት ነው። ማንም ስላልተከተለው ሮጠ፤ እስከ ማዕዘኑ ሮጠ። ቀና ሲል ግቡ አጠገብ አሥር ቁጥርን አየ። ልጅ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ረሳና አሻማ።

ኳሷ ከልጁ እግር ስትለቅ መቀስ የት እንደምትወርድ አወቀ። ከሰውነቱ ያልወጣው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ከኋላው ስልሳ ሰው ባንድ ትንፋሽ «መቄ!» አለ።

በኋላ ሰዎች ረስቶ ነው አሉ። አልረሳም። መሐላውንም፣ ደንቡንም፣ የእትዬን ክፍልም፣ የአምበሉን ሁለት ልጆችም ያንጊዜ አንድ በአንድ ያያቸው ነበር። ሁሉንም እያየ ጀርባውን ለግቡ ሰጠና ዘለለ።

ኳሷ ከታኬታው አንድ ስንዝር በላይ አለፈች። መሬቱ ጀርባውን መታው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ጉልበቱ ውስጥ ደረቅ ነገር ሲሰበር ሰማ። ሰዎቹ ያጨበጭባሉ። ሽማግሌዎቹ እንባ እያበሱ ያጨበጭቡ ነበር።

አምበሉ ግቡን ጥሎ ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ መጣ። ዳኛው ቀድሞት ደርሷል።

«ከወጣህ ስድስት ናችሁ» አለ ዳኛው፤ የታዘዘውን የሚናገር እንጂ የሚፈልገውን የሚናገር አይመስልም። «ማቆም አለብኝ።»

«አልወጣም።»

«መቆም ትችላለህ?»

«እቆማለሁ። አንሡኝ።»

አምበሉ ብብቱ ሥር ገብቶ አነሣውና ከግቡ ቋሚ አስደገፈው። እትዬ ገመድ የሚያስሩበት ቋሚ ነው፤ ገመዱ ለጨዋታው ሲነሣ የቀረው ቋጠሮ እዚያው እንደተጠመጠመ ነበር። መቀስ ጣቶቹን እሱ ውስጥ አስገባ። አምበሉ ፊቱን ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ «ቁም ብቻ ነው ያልንህ፣ ኮች» አለው። «ቁም ብቻ።» እየሮጠ ወደ ግቡ ተመለሰ።

የተጋጣሚው በረኛ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ፣ ካጠገቡ ቀርቷል። ጨዋታው ወደ ማዶ ሲሄድ ቀስ ብሎ ተጠጋ።

«ጋሼ፣ በጣም ያምዎታል?»

«አያምም።»

«ያቺን ግብ በዚህኛው መረብ ነው ያገቧት?»

«በዚያኛው ነው።»

«አባቴ ሁልጊዜ ይነግረኛል።» ዳኛው እንዳያየው ወዲያና ወዲህ አየና ትከሻውን አቀረበለት። «ይደገፉኝ። እኔ እንደሆን ዛሬ ሥራ የለኝም።»

ተደገፈው። የልጁ ማልያ ደረቅ ነበር፤ አንድ ጠብታ ላብ የለበትም። ጉልበቱ ካልሲውን እስኪወጥር አበጠ፤ ሙቀቱ ወደ ጭኑ ወጣ። ሰባ አምስት። ሰባ ስምንት። በዚያ ማዶ አሥረኛው ገባ፤ ልጁ አልጨፈረም። ከመቀመጫው አጠገብ እትዬ ባዶ ሳፋቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመው ይታዩታል። እሳቸውም ይቆጥራሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

በሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ጣቶቹ ከቋጠሮው ወጡ።

ራሱን ስቶ ነው ያሉ አሉ። አልሳተም። ልጁ ሊይዘው ሞክሮ ነበር፤ ሰማዩ፣ የግቡ አግዳሚ፣ የልጁ የደነገጠ ፊት፣ ሁሉም ጥርት ብለው ይታዩት ነበር። ደከመው። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶት ደከመው፤ ሊነሣ ሲፈልግ የሚነሣ ነገር ሰውነቱ ውስጥ አጣ።

የተጋጣሚው ወጌሻ መጥቶ እግሩን ነካ፣ ወዲያው እጁን ሰበሰበ። «ይህ ሰው ሆስፒታል ነው የሚሄደው» አለ። ዳኛው ሰማያዊ ማልያ የለበሱትን በጣቱ ቆጠረ። ስድስት። የሚያውቀውን ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ።

ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና እስኪመጣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አጋደሙት። የጨዋታው ኮሚሽነር ወረቀቱ ላይ «ሦስተኛ ፎርፌ» ብሎ ጽፎ ፈርሞ ወጣ። አምበሉ ጓንቱን አውልቆ አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና እቃውን ያዘ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«አማቴ ጋ ደውዬ ምን ልበላት?» አለ። የጠየቀው መቀስን አይደለም፤ በሩን ክፍት ትቶ ወጣ።

እትዬ ገብተው ማልያዎቹን ለቃቀሙ። መቀስ ጋ ሲደርሱ፣ «ክንድህን አንሣ» አሉት፤ እንደ ሕፃን አነሣ። ጠዋት እምቢ ያለው ማልያ ያለ ችግር ወለቀ።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳን ይተዉት።»

«ላብ ካደረበት አይለቅም።» ማልያውን ክንዳቸው ላይ ጣል አደረጉና፣ «ኳሷን ነካሃት?» አሉት።

«አልነካኋትም።»

«ከሩቅ የነካሃት መስሎኝ» አሉና ወጡ።

ሚስቱ ስትደርስ በሩ ክፍት ነበር። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ የተፈታውን ካልሲ ወደ ታች ገፋ አድርጋ ጉልበቱን አየች። ስለ መሐላው አንድ ቃል ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። መዳፏን ሳትነካው ከጉልበቱ በላይ አየር ላይ ያዘችው፤ ሙቀቱ ይደርሳት ነበር።

በበሩ ውስጥ ሜዳው ይታያል። እትዬ ገመዱን መልሰው ወጥረው እያሰጡ ናቸው። አንድ ቁጥር። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ ከሳፋው አምስት ቁጥርን አነሡና ጨምቀው አራገፉት፤ ገመዱ ላይ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ፊት ለፊት ጥቂት ቆሙ።

ከዚያ አምስት ቁጥርን ወደ ሁለት አስጠግተው ሰቀሉት። ሰባትን ወደ አምስት አስጠጉ። አሥር ቁጥርን፣ ጎንና ጎኑ ግራጫ የሆነውን፣ ከሌሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ አድርገው በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ሰባቱም ማልያ አንድ ላይ ተጣብቆ የገመዱን ሩብ እንኳ አልሞላ፤ የቀረው ገመድ ባዶውን እስከ ምሰሶው ድረስ ሄደ።