ጽናት አሥራ ስምንት

ልጄ «ሌባ ሆኛለሁ» ስትለኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቦርሳዋን ስፈትሽ ከረምኩ። ደብተር፣ ማበጠሪያ፣ ግማሹ የተበላ ብስኩት፤ የሰው ንብረት የሚመስል ነገር አላገኘሁም። ጨዋታ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። እሁድ እሁድ ከጓደኛዋ ከቀጮ ጋር፣ በቀጮ ታላቅ እህት ፀጉር ቤት፣ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዷ ተዋጊ፣ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዷ ሌባ ይሆናሉ፤ ዘንዶ ይገድላሉ፣ ዋሻ ይገባሉ። ከወንበራቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። ልጄ አሁን ሌብነቱን ትታ ተራኪ ሆናለች። ተራኪ ማለት ታሪኩን እየነገረች ሌሎቹን «ምን ታደርጋላችሁ?» የምትላቸው ናት። ወይ ጉድ አልኩ።

የዚያን እሁድ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ጨዋታ አምሮኝ አይደለም። ባሌ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል። እህቱ፣ የልጄ አክስት ማለት ነው፣ ልጅቷን እሷ ወዳለችበት ከተማ ልትወስዳት ፈልጋለች፤ ትምህርት ቤትም አግኝታላታለች። በዚያው እሁድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደውላ መልሱን ልትሰማ ቀጠሮ ይዛለች። ልጄ «እማ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ስትለኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። «እንደፈለግሽ» አልኳት፤ ቀና እንኳን አላልኩም። ክፋት አይደለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል፤ ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ነው የሆነው፣ ቢነክሱትም አያውቅ። ልጄ ትንሽ ቆማ አየችኝና «እሺ፤ ከመወሰኔ በፊት ግን አንድ እሁድ አብረሽኝ ተጫወቺ» አለች። ለዚህም «እንደፈለግሽ» አልኩ።

ፀጉር ቤቱ እሁድ ከሰዓት ዝግ ነው። መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርደውታል፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ በባዶ ወንበሮች ላይ ተደፍተዋል፤ ቤቱ ሻምፖና የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቢጎዲን የሚቀመጥበትን ባለጎማ ጠረጴዛ መሀል አምጥተው ጠርገውታል። ፀጉር ሠሪዋ፣ የቀጮ እህት፣ ደህና የሚሽከረከረውን ወንበር ለኔ ሰጠችኝ። «እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ሲጨንቅዎት ይዙሩበት» አለችኝ።

ልጄ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ። በእጇ አስምራ የጻፈችው ነው፤ ከላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ ይላል፣ ከታች ስድስት ሳጥን አለው። «ይሄ አንቺ የምትሆኚው ሰው ነው» አለች። ለኔ ካርድ ነው። የምሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። በመስኮቷ በኩል ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ እየተቀበልኩ እጽፋለሁ፤ የሰው ፊት ሳላይ ቀኑ ይመሻል። ወረቀት ከሰጡኝ መሙላት ነው።

«ሙያ ላይ ምን ልበል?» አልኩ።

«ጠንቋይ ይሁኑ እትዬ» አለች ቀጮ፤ «ጠንቋይ የለንም፣ የኔዋ ባለፈው እሁድ ሞተች…» እህቷ በክርኗ ጎሸመቻት።

«ተያት፤ የሞተ ተጎዳ» አልኩ። «ጠንቋይ ግን አልሆንም፣ ጎረቤት ምን ይለኛል። ፈዋሽ አድርጉኝ፤ ቢያንስ በሥራ ቦታ ሲመላለሱ አይቻለሁ።»

ፈዋሽ ብዬ ጻፍኩ፣ ዕድሜ ሠላሳ አልኩ፣ ስሙን ቀጮ አወጣችልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። «ይሄ ካርድ ጎዶሎ ነው» አልኩ። «ተጠሪ የሚጻፍበት የት አለ?»

«የምን ተጠሪ?»

«ብትወድቅ ማን ይጠራ? ያለ ተጠሪ ካርድ አላወጣም፤ አለቃዬ ጆሮዬን ነው የምትበላው።»

ቀጮና እህቷ በሳቅ ፍርስ አሉ። እኔ ቀልዴን አልነበረም። ልጄም አልሳቀችም፤ እርሳሷን አንስታ ጥጉ ላይ «ተጠሪ» ብላ ጻፈችና ከጎኑ መስመር አሰመረችልኝ። ማንን እንደምጽፍ አላወቅኩም፤ ወደ ሳጥኖቹ አለፍኩ።

ዳይስ የሚሉት ባለ ነጥብ ጠጠር ተሰጠኝ፣ ሦስት። ለእያንዳንዱ ሳጥን ሦስቱን ትጥያለሽ፣ ነጥቡን ትደምሪያለሽ፣ የመጣውን ትጽፊያለሽ። ጉልበት፣ ዘጠኝ። ቅልጥፍና፣ ሰባት። «ይሄስ እውነትም እኔ ነኝ» አልኩ። ሦስተኛው ሳጥን ላይ በልጄ እጅ ጽሑፍ «ጽናት» ይላል።

«ይሄ ደግሞ ለምኑ ነው?»

«ስንት ምት እንደምትችዪ የሚያሳይ ነው» አለች ልጄ። «ጽናት ያለው ሰው ቶሎ አይወድቅም። ቁስልም መርዝም ረሃብም ይችላል።»

ጣልኩ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት።

ቀጮ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። «አሥራ ስምንት! ከዚህ በላይ እኮ የለም! ሁለት ዓመት ስንጫወት ለማንም ወጥቶ አያውቅም!» ፀጉር ሠሪዋም አጨበጨበች። «እሰይ እትዬ! ጽናቱን ሰጥቶዎታል!» አለችና ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በመዳፏ አፏን ያዘች።

ሰባት ወር ሙሉ የሰማሁት ቃል ነው። ጽናቱን ይስጥሽ። እግዜር ያጽናሽ። ለልጅሽ ስትዪ ጽኚ። በበራችን ገብቶ፣ እጄን ይዞ ይሄን ሳይለኝ የወጣ ሰው የለም። ይኸው ጸናሁላቸው። ቀብር ላይ አላለቀስኩም፣ ቤት ገብቼ አላለቀስኩም፣ ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ገባሁ። መጀመሪያ «ጀግና ናት» አሉ። ቆይተው «ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ናት» ማለት ጀመሩ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የማይሰማ ነገር የለም።

«ድጋሚ ልጣል» አልኩ።

«አይቻልም፤ የወጣ ወጣ ነው» አለች ልጄ።

«እንግዲያው ለቀጮ ስጫት።»

«እማ፣ ሰው ለዚህ ቁጥር ይሞታል እኮ።»

«አልፈልገውም አልኩሽ!» ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «መርቀው መርቀው በቃ፣ ደረሰልኝ! ከዚህ በላይ ምን ላድርገው? አንሱልኝ!»

ልጄ ዳይሶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸው። «አክስቴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አለች ሳታየኝ። «‹እናትሽ ጠንካራ ናት፤ አንቺ ብትሄጂም ምንም አትሆን፤ ለራስሽ አስቢ› አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው አልኩ። አባዬ ሲሞት ምንም ካልሆንሽ፣ እኔማ በአውቶቡስ ነው የምሄደው።»

ሆዴ ሊባባ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። ጠበቅኩት። አልመጣም። እርሳሱን አነሣሁና አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ።

የቀሩትን ሳጥኖች እንዴት እንደሞላናቸው አላስታውስም። ከዚያ ልጄ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች። ተራኪ ስትሆን ድምጿ ይወፍራል፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ ከአባቷ ይሆናል። «ፈዋሿ ከመንደሯ ወጥታ ድልድይ ጋ ደርሳለች» አለች። «እስከዛሬ አብራት የነበረች መንገደኛ እዚህ ተለይታት በሌላ መንገድ ልትሄድ ነው። ድልድዩ ላይ ቆማ ዞር ብላ አየቻት። ፈዋሿ ምን ታደርጋለች?»

ቀጮ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ፀጉር ሠሪዋ «ውሃ ላምጣ» ብላ ተነሣች፤ ውሃ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ምንም አይሰማትም» አልኩ።

«የሚሰማትን አልጠየቅኩም እማ። እዚህ ጨዋታ ላይ ስሜት አይጠየቅም። የምታደርገውን ብቻ ነው የምትናገሪው።»

«አላውቅማ።»

ጠበቀችኝ። «እሺ፤ ተራሽ አለፈ» አለችና ወደ ቀጮ ዞረች።

ቀጮ ከአንድ ተኩላ ጋር ግብ ግብ ይዛ ሳለ የልጄ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫ ጀመር። አሥራ ሁለት ሰዓት። አክስትየዋ በሰዓት ቀልድ አታውቅም። ልጄ ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ጠዋት ጠዋት በርሽ ላይ እቆማለሁ» አልኩ።

እጇ መሀል ላይ ቀረ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ለራሴም ቢሆን። አባቷ በእንቅልፉ ነው የሞተው። ከጎኑ ተነሥቼ፣ ሻይ ጥጄ፣ «ተነሥ እንጂ፣ ረፈደብህ» እያልኩ ከማድ ቤት ሁለቴ ከጠራሁት በኋላ ነው ያወቅኩት። ሁለተኛው ላይ እንደውም ተቆጥቼው ነበር።

«ሥራ ከመሄዴ በፊት በርሽን ገርበብ አደርግና መተንፈስሽን አዳምጣለሁ» አልኳት። «አሥር እስኪሞላ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ። ሰባት ወር፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ አሞኝም ቆሜያለሁ። ሆዴ ምንም አይለኝም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። እወድሻለሁ ልበልሽ ብል የሚወጣው ቃሉ ብቻ ነው። ግን አክስትሽ ጋ ከሄድሽ ጠዋት ጠዋት የት ሄጄ እንደምቆም አላውቅም። አትሂጂ።»

ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። ቀጮ ተኩላዋን ረስታ አፏን ከፍታ ታየናለች። የልጄ አገጭ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ዓይኔ ደረቅ፣ እጄ ጭኔ ላይ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን አነሣችው። «አክስቴ፣ አልመጣም» አለች፣ በእጅጌዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አይ፣ ማንም አላስገደደኝም… ኋላ ደውዬ እነግርሻለሁ… እሺ፣ እሺ።» ዘጋችውና ስልኩን በሆዱ ደፋችው።

«እማ» አለችኝ፣ «በሩ ሲከፈት እኮ ሲጥ ይላል።»

«ትሰሚያለሽ እንዴ? ተኝተሽ መስሎኝ።»

«ነቅቼ ነው የምጠብቅሽ። ለምን እንደምትቆሚ ነበር የማላውቀው። ትንፋሼን ካልሰማሽ ግን አትሄጂም፤ ሥራ ይረፍድብሻል። ስለዚህ ጮክ አድርጌ ነው የምተነፍስልሽ።»