ወተት የሌለባቸው አምስት ቺዞች

የሆቴሉን ዋና አብሳይ ሠራተኛው ሁሉ «ሚዛን» ይላታል። አንድ ማንኪያ ሾርባ ቀምሳ የጎደለውን ጨው በቁንጥር ስለምትናገር የወጣላት ስም ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ስም ኖራለች። ጉንፋን ጥሏት ከተነሣች ወዲህ ግን፣ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ፣ አፍንጫዋ አያሸት፣ ምላሷ አይለይ። ጨውና ስኳር እንኳ አንድ ሆነውባታል። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም» ነው ያላት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የለመደችውን ምግብ በእጇ ልክ እየቆነጠረች፣ በየቀኑ ዛሬ ታወቀብኝ እያለች ሰነበተች።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ትሪ ይዞ ኩሽና ገባ። ትሪው ላይ አምስት ሰሃን፣ በየሰሃኑ አንድ አንድ ቺዝ፣ ከሥሩ ቁጥር።

«ቅዳሜ ሰማንያ እንግዳ አለብን» አላት። «ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የማይነኩ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ወተት የሌለባቸው ቺዞች ናቸው። ለፒዛው፣ ለሰላጣውና ለፓስታው ስጎ የሚሆነውን ለይተሽ ሥሪልን። ስድስት ሰዓት ላይ ከሆቴሉ ባለቤት ጋር እንቀምሳለን።»

«ማሸጊያቸውስ የታል ጋሼ?»

«ቢሮ ትቼው መጣሁ። እዚያ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ማሻሻጫ ነው። እኔ የማምነው ያንቺን ምላስ ነው።»

እሱ እየሣቀ ወጣ።

ከመጀመሪያው ሰሃን ቆርሳ አፏ ከተተች። ሰም እንደማኘክ ነው። ሁለተኛውም ሰም፣ ሦስተኛውም ሰም። ልንገረውና ይውጣልኝ ብላ እስከ በሩ ሄደች፤ እጀታውን ይዛ ቆመችና ተመለሰች። ምን ብላ ትንገረው? የማይቀምስ አብሳይ ምን ያደርግለታል?

ጨነቃት። ሌላ መላ ስታጣ በእጇ ልትፈርድ ተነሣች። አንደኛውን በሁለት ጣቷ ብታሸው ወዲያው ወዛ፤ የኮኮናት ዘይት መሆን አለበት። ዳቦ ላይ አድርጋ ምድጃ ከተተችው። ቀለጠ፤ ሲስቡትም ተሳበ። ይኸ ለፒዛ። ሁለተኛው ምድጃ ውስጥ ላቡን አወጣና እንዳለ ደረቀ፤ ሳይሞቅ ግን ሲነኩት ፍርፍር ይላል። የአኩሪ አተር ነው፤ ሰላጣ ላይ ይበተናል። ሦስተኛው እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ተፈቅፍቆ ከላይ የሚነሰነስ ነው። አራተኛውና አምስተኛው ለስላሳ ናቸው። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ካሹ ከሚባለው ፍሬ የተፈጩ። በሙቅ ውሃ ስትበጠብጣቸው ሁለቱም ሳይቋጠሩ እኩል ወፈሩ። እዚህ ላይ እጇ ከዳት። ሰዓቷን አየች፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ።

ሰሃን ወደሚያጥቡት አሮጊት ሄደች።

«እማማ፣ እስቲ እነዚህን ቅመሱልኝ። የቱ ይሻላል?»

እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ቀመሱ። «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ» አሉ። «ይቺ አምስተኛዋ ግን ትጣፍጣለች።»

ግንባራቸውን ስማ እየሮጠች ተመለሰች። ስጎውን በአምስተኛው ሠራች፤ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ጨመረችበት።

የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮዋ ፒዛውን በልታ ራሷን ነቀነቀች። ሰላጣውንም ወደደችው። ሚዛን ትንፋሿን ለቀቅ አደረገች። ሴትዮዋ ፓስታውን ጎረሰች፤ ማኘኳን አቆመች፤ ጉርሻውን ቀስ ብላ ሶፍት ላይ መለሰችው።

«ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቫኒላ?» አለች።

ሥራ አስኪያጁም ቀመሰ፤ ፊቱ ተቀየረ። «ቁጥር አምስት እኮ የኬክ ክሬም የሚሠራበት ነው። ስኳር አለው። ገና ምላስ ላይ ሳይደርስ ይሸታል። እንዴት አለፈሽ?»

የፓስታውን ሰሃን ወደ ራሷ ሳበች።

«አይሸተኝም ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ጣዕምም አልለይም። ሦስት ሳምንቴ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሹካውን አስቀመጠ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳትቀምሺ ነው ሰው ያበላሽው?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ቤተሰብ አለሽ፤ አላባርርሽም» አለች። «ግን አንድ የተበላሸ ነገር አስበልተሽ ሰው ብትገድዪብኝስ? እስኪሻልሽ አትክልት ክፍል ትሠሪያለሽ።» ሚዛን «ካልተሻለኝስ?» ብላ አልጠየቀችም። መልሱን ፈራችው።

ማታ ልብስ ስትቀይር እማማ አጠገቧ መጥተው ቆሙ። «ትጣፍጣለች አልኩሽ እኮ ልጄ። እንደ ከረሜላ ነው የጣፈጠችኝ።»

«ጥፋቱ የርስዎ አይደለም እማማ። ጣዕም አላት ያሉኝ መስሎኝ ነው።»

የቅዳሜው ግብዣ በምክትሏ እጅ አለፈ። ሰኞ እሷ ምድር ቤት ባለው አትክልት ክፍል የድንች ጆንያ ፊት ተቀመጠች። በየጠዋቱ መጀመሪያ አንድ ሽንኩርት ለሁለት ከፍላ አፍንጫዋ ሥር ትይዛለች። ዓይኗ ያነባል፤ አፍንጫዋ ዝም።

በሁለተኛው ሳምንት ምክትሏ ሁለት ቁራጭ ቺዝ ይዞ ወረደ። አፈረና በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አዲስ መጥተው ነው። የትኛው ይቀልጣል?»

ሁለቱንም በጣቷ አሸት አሸት አደረገች። «የግራው። እሳቱን ግን አታብዛበት፤ ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል።»

ከግራው ቆርሶ ቀመሰ። «ትንሽ ይጎመዝዛል» አለ፣ አመስግኖም ደረጃውን ሮጦ ወጣ።

ጣቷ ላይ የቀረውን ላሰችው። ጠበቀች። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ላሰችው። መጎምዘዙ አልተሰማትም። ከዚያ እጇን ታጥባ ቢላዋዋን አነሣች።