ከመቶ ሰማንያ አምስት

ቁጥሩን በድብቅ የለወጥኩት እኔ ነኝ። ሰላማዊት ለሰው ስታወራ "አንድ ስህተት ተፈጥሮ ነበር" ብላ ታልፈዋለች፤ ስሜን አታነሳም። ስለዚህ እኔው ራሴ ልናገረው።

ሰላማዊትና እኔ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው ኮምፒውተር ሳይንስ የተማርነው። ስንመረቅ ጓደኞቻችን ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ እኛ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ክፍል ተከራይተን የስልክ ጌም መሥራት ጀመርን። ጌሙ የስትራቴጂ ነው። ተጫዋቹ የሲራራ ነጋዴ ሆኖ በቅሎዎቹን እየጫነ ከቆላ ወደ ደጋ ይነግዳል። በክረምት አላ ውሃ የሚባለው ወንዝ ሲሞላ ይሻገር ወይም እስኪጎድል ይጠብቅ መወሰን አለበት። ያኔ ስክሪኑ ላይ "የመሻገር ዕድል 85%" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ከተሻገረ ሌሎቹን ነጋዴዎች ቀድሞ ገበያ ይደርሳል፤ ካልሆነለት በቅሎዎቹን ጎርፍ ይወስዳቸዋል።

ሂሳቡን የሠራችው ሰላማዊት ናት። ሰማንያ አምስት ካለ፣ ከውስጥም ሰማንያ አምስት ነው።

ለሙከራ መርሳ ከተማ ወሰድነው። ኢክራም የምትባል የግራና ከተማ ልጅ እዚያ ስልክ ትጠግናለች፤ ከሱቋ ጀርባ ደግሞ ጌም ቤት አላት። ሦስት ታብሌት ላይ ጭነንላት ተመለስን። በሳምንቱ ስንሄድ ተጫዋቾቹ ተቆጥተው ጠበቁን። አሚር የሚባል የባጃጅ ሹፌር ታብሌቱን ሰላማዊት ፊት አስቀመጠው።

"ይሄ ነገር ይዋሻል" አላት። "ሰማንያ አምስት እያለ ሁለቴ አከታትሎ በላኝ።"

"አሥራ አምስቱስ?"

"የቱ አሥራ አምስት?"

"ከመቶ ሰማንያ አምስት ሲነሳ የሚቀረው።"

"እሱማ ለወጉ ነው" አለ አሚር። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁትን ነገርኳት። አንዳንድ ጌም ሠሪዎች ሰማንያ አምስት ብለው ያሳዩና ከውስጥ ዘጠና ሰባት ያደርጉታል፤ ተጫዋቹ ሁለቴ ከሳተ ሦስተኛው እንዲሳካለት ያግዙታል። "ሰው ልክ የሆነ ቁጥር አይፈልግም" አልኳት። "ልክ የሚመስለውን ነው የሚፈልገው።"

"እኔ አላደርገውም" አለች። 

በዚያው ወር አቶ ገበየሁ የሚባሉ ሰው ከአዲስ አበባ ደወሉልን። ኩባንያቸው የአገር ውስጥ ጌሞችን ያከፋፍላል። የእኛን ሞክረው ወደውታል፤ ግን እሳቸውንም ወንዙ አብሽቋቸዋል። "እሱን አስተካክሉና እንፈራረም" አሉ። ሰላማዊት የሚስተካከል ነገር እንደሌለ ነገረቻቸው። እሳቸውም እስኪ አስቡበት ብለው ዘጉ።

እኔ አሰብኩበት። ሰላማዊት ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ሐራ የሄደች ቀን ኮዱን ከፍቼ አንድ መስመር ለወጥኩ። ከዚያ ለአቶ ገበየሁም፣ ለመርሳም አዲስ ማሻሻያ ነው ብዬ ላክሁ። አቶ ገበየሁ በማግስቱ ደውለው "አሁን ገና ጌም ሆነ" አሉኝ። አሚርም ለኢክራም "አሁን እውነቱን መናገር ጀመረ" ብሏት ኖሯል።

ኢክራም ግን ለሰላማዊት ደወለች። "ኑ፤ አንድ የማሳያችሁ ነገር አለኝ" አለቻት።

ስንደርስ የተበላሹ ስልኮችን የምትመዘግብበትን ደብተር ከኋላ በኩል ገልጣ ጠበቀችን። ገጹ በጭረት ተሞልቷል። አሚር ከተቆጣበት ዕለት ጀምሮ፣ ማን ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ብላ፣ ደንበኞቿ ወንዙን በሞከሩ ቁጥር ምልክት ስታደርግ ከርማለች።

"ይሄ የድሮው ነው" አለች። "ሁለት መቶ ሙከራ፤ መቶ ስልሳ ስምንቱ ተሻግሯል። ይሄ ደግሞ አዲሱ። ይሄም ሁለት መቶ፤ መቶ ዘጠና አምስት ተሻግሯል። ወላሂ ለማንም አላዳላሁም። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ያው ሰማንያ አምስት ነው።"

ሰላማዊት ጭረቶቹን ረጅም ሰዓት አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ፊቴ ሁሉን ነገር ነገራት መሰለኝ።

"ደስ ብሏቸዋል እኮ" አልኩ። "ማን ተጎዳ?"

"አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ" አለች ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ "ከዚህ ክፍል ከመቶ ሦስት ብታልፉ ነው ተባልን። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ማጥናት አቆሙ። ሦስት ማለት ዜሮ ነው ብለው። እኔ ሦስት ማለት ሦስት ነው ብዬ አጠናሁ። አንተ ሰማንያ አምስት ማለት መቶ ነው ብለህ የምታስተምረው ሰው፣ ሦስት ሲባል ዜሮ ነው ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። እኔ ለዚህ ሥራ እጄን አላውስም።"

 እዚያው ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ሁለቱ እያዩ፣ መስመሩን ወደነበረበት መለስኩት።

ኢክራም ደብተሯን እያጠፈች "አንድ ነገር ልበል" አለች። "ቁጥሩ ልክ ነው፤ የምታሳዩበት መንገድ ግን ልክ አይደለም። ሰማንያ አምስት ሲባል ሰው የሚሰማው 'ብዙ' የሚል ነው። እኔም ጭረት እስክሠራ ድረስ እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ።"

ሰላማዊት በዚያ ላይ ሦስት ሳምንት ሠራች። አሁን ወንዙ ጋ ሲደረስ ሃያ በቅሎዎች ይታያሉ፤ አሥራ ሰባቱ ማዶ ቆመዋል፣ ሦስቱ ጎርፉ ውስጥ ናቸው። ከበታቻቸው ተጫዋቹ ራሱ እስካሁን ስንቴ ሞክሮ ስንቴ እንደተሻገረ ተጽፏል። ዕድሉ ያው ነው፤ አልተነካም።

አሚር ሥዕሉን ቆሞ አየው። "እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው?" አለ።

"ጎርፍ የወሰዳቸው" አለችው ኢክራም።

አሚር ውሃው እስኪጎድል ጠበቀ። በሌላ ቀን ቸኩሎ ገባና ተወሰደ፤ ክፉኛም ተሳደበ። ግን የሰደበው ወንዙን ነው፤ ጌሙን አልነበረም።

አቶ ገበየሁ ውሉን ይዘው ወልድያ መጡ። አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጠን አዲሱን ሞከሩት።

"ሥዕሉ ያምራል፤ ይቆይ" አሉ። "ከውስጥ ግን ባለፈው የላካችሁልኝ ይሁን።"

"አይሆንም፣ አቶ ገበየሁ" አለች ሰላማዊት።

"ማን ያውቃል ልጄ? ስንት ሰው ቁጭ ብሎ ይቆጥራል?"

"መርሳ ያለች አንዲት ሴት ቆጥራለች። እሷ ባትቆጥርም ግን መልሴ ይኸው ነበር።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ናሆም፣ አንተ ነገሩ ይገባሃል። እስኪ ንገራት።"

 "ያንን የላክሁልዎት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷ አታውቅም ነበር። አልደግመውም።"

 አቶ ገበየሁ ወረቀቶቹን ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ መልካም ዕድል ተመኙልንና ሄዱ። ሰላማዊት ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች።

ጌሙን ራሳችን ለገበያ አወጣነው። እኔ ጠዋት ጠዋት አንድ የግል ኮሌጅ አስተምራለሁ፤ እሷ ለመሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ ትሠራለች። አሁንም "ይሄ ጌም ውሸታም ነው" ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ሰላማዊት ለእያንዳንዱ በስሙ እየጠራች ትመልሳለች፤ አንዳንዱ ይቅርታ ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይብስበታል።

ባለፈው ወር አቶ ገበየሁ እንደገና ደወሉ። ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። በትሕትና ሰላምታ ሰጠቻቸው፣ ሰማቻቸው፣ "ያው ነን፣ አልተለወጥንም" አለቻቸውና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ያኔ ለጌሙ አዲስ አደጋ፣ የአንበጣ መንጋ፣ እየሠራች ነበር፤ በጌሙ ዓመት ከመቶ አራት ዕድል ሰጥታዋለች። ያንሳል፣ ሰው ዜሮ ነው ብሎ ያልፈዋል ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም።