ኦልባን በር ከፋች ነው ወይስ ልዑል

ቬርና ሩድ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ድልድይ ስታነሳና ስታወርድ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በአሜሪካ፣ በዱሉዝ ከተማ ወደብ አፍ ላይ ያለው የብረት ድልድይ መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ ይነሳል። መርከቡ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ድልድዩም በራሱ ጡሩምባ ይመልሳል። ያን የምትመልሰው ቬርና ነበረች። ከመርከበኞቹ አንዱም ፊቷን አይቶት አያውቅም፤ እሷም ልታይ ልታይ ብላ አታውቅም።

«ሰባተኛው ወደብ» የተባለው የጠፈር ድራማ በቴሌቪዥን ሲጀመር፣ ሌላው ተመልካች በሻምበሉ፣ በቆንጆዋ ሐኪምና ሦስት ዓይን ባለው ጠላት ሲያብድ፣ የቬርና ልብ ያረፈው ኦልባን ላይ ነው። ኦልባን የጠፈር ወደቡ በር ከፋች ነው። መንኮራኩር ስትመጣ ማንሻውን ይስባል፣ «ግቡ» ይላል፣ አለቀ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዚያች ቃል ሌላ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም «ቆዩ» የሚል ነው።

በከተማው ኦልባንን የሚወዱ ሰዎች ቬርናን ጨምሮ አስራ ስምንት ሆኑና ማኅበር አቋቋሙ። በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። ስለ አንድ በር ከፋች በየወሩ ምን ይወራል ትሉ ይሆናል። ይወራል። አንዱ፣ ኦልባን በዚያ ሁሉ ወደብ ውስጥ ብቸኛው ሐቀኛ ሰው ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ሰው ነው፣ በሦስተኛው ዓመት ለአራት ደቂቃ ዓይኑ አልተርገበገበም ብሎ ይሟገታል። ሰብሳቢዋ በርኒስ በበኩሏ ኦልባንን የአንዲት የጭነት መንኮራኩር ፍቅር ይዞታል ባይ ናት። የነጂዋ ፍቅር አይደለም፣ የራሷ የመንኮራኩሯ። ይህ ሁሉ ለአስራ ሁለት ዓመት በሰላም ተወራ። ድራማው ሲያልቅ እንኳ ማኅበሩ አላለቀም።

ሰላሙን ያደፈረሰው ቅጥያው ነው። ድራማውን የሠራው ድርጅት ከዋናው ታሪክ ኦልባንን መዝዞ ለብቻው ሌላ ተከታታይ ድራማ እንደሚሠራለት አስታወቀ። ቬርና ይህን ስትሰማ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። የአዲሱን ድራማ ስም ስትሰማ ግን ቀዝቀዝ አለች። ስሙ «ልዑል ኦልባን» ነው። ለካስ በር ከፋቹ ዙፋኑን የተነጠቀ የንጉሥ ልጅ ኖሯል! ለካስ ማንነቱን ደብቆ ነው በር ሲከፍት የኖረው! በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው፣ ኦልባንም ባለቀ ሰዓት ዘመድ ፍለጋ ወጣ። የሚጫወተው ደግሞ ጡንቻው ሸሚዙን የሚታገል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ማንሻውን ጥሎ፣ ወደቡን ለቆ፣ ሰይፍ ታጥቆ ሄደ፤ ሲሄድም አርባ ደቂቃ ያለማቋረጥ አወራ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቬርና ተነሥታ፣ አንድ ሰው በር ከፋች ብቻ ሆኖ መኖር ምን ነውር አለው ብላ ጠየቀች። ስምንት ሰዎች አብረዋት ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቀሩት ስምንቱ ወደ ክላይድ ማኪ ዞሩ። ክላይድ አርባ ዓመት መሬት ሲለካ የኖረ፣ ሳይለካ ሰላምታ እንኳ የማይሰጥ ሰው ነው። የዚያን ቀን ክንድ የሚያህል ዶሴ ይዞ መጥቶ ነበር። ዶሴው ስለ ኦልባን ክርን ነው። በዋናው ድራማ ውስጥ ኦልባን ማንሻ የሚስብባቸውን ስልሳ አንድ ቦታዎች አቁሞ፣ ማዕዘን መለኪያውን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ለጥፎ ለክቷል። መቶ አስራ ሁለት ዲግሪ። ለማነጻጸሪያ የፖስተኛውን፣ የፀጉር አስተካካዩንና የሣር ማጨጃ ሞተር የሚያስነሱ የሰባት ጎረቤቶቹን ክርን ለክቷል። አንዳቸውም ከመቶ አላለፉም። ስለዚህ፣ አለ ክላይድ፣ ይህ ሰይፍ የለመደ ክንድ ነው፤ ሰውየው ድሮም ልዑል ነበር፤ ቅጥያው የጨመረው ነገር የለም።

ቬርና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ክላይድ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ማንሻ ስስብ ነው የኖርኩት። በል የእኔን ለካው።»

ክላይድም የወንበር ጀርባ አስይዞ ለካት። መቶ አስራ ሰባት ወጣ። ክላይድ ደግሞ ለካ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቬርና፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። በአባትሽ ወገን፣ ዘሮችሽ በመጡበት በኖርዌይ፣ መኳንንት አለ እንዴ?»

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር።»

«ዓሣ አጥማጅ ነኝ ነው ያለሽ» አለ ክላይድ፣ ከልቡ።

ነገሩ በዚህ ስላልተቋጨ በርኒስ መላ አመጣች። በዋናው ድራማ ኦልባንን የተጫወተው ሬጂናልድ ፔክ በሕይወት አለ፤ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፣ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ይኖራል። ይጠየቅ ተባለ፣ ተጻፈለትም። በአስራ አንደኛው ቀን በእጅ ጽሑፍ መለሰ። ክርኔ የታጠፈው፣ አለ፣ ከድራማው በፊት የአይብ ማስታወቂያ ስሠራ ከፈረስ ወድቄ ተሰብሮ ሳይቃና ስለቀረ ነው። ዝም የምለውም እንዳደርግ የሰጡኝ ጫማ ሁለት ቁጥር ስለሚያንሰኝ፣ አፌን ስከፍት እቃትት ስለነበር ነው። ኦልባን ማን እንደሆነ አስቤበት አላውቅም፤ ሐሳቤ ሁሉ እግሬ ላይ ነበር። ስላስታወሳችሁኝ ግን አመሰግናለሁ፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ የመጣልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ሁለቱንም ወገን አስቆጣ። ክላይድ፣ ለመሆኑ ከፈረስ የሚወድቀው ፈረስ የሚጋልብ አይደለም ወይ ሲል ተከራከረ። ቬርናም ብትሆን ያ የምታከብረው ዝምታ የጫማ ጥበት ነው መባሉን አልዋጥላት አለ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ፣ ሬጂናልድ ፔክ ስለ ኦልባን በቂ ዕውቀት የሌለው ሰው ስለሆነ ምስክርነቱ ተቀባይነት የለውም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በዚያ ዓመት ሁሉም የተስማሙበት ጉዳይ እሱ ብቻ ነው። በርኒስ ግን የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ከነከነቻትና ለሽማግሌው የገና ካርድ ላከችለት።

በጥር ወር፣ በረዶው የምድር ቤቱን መስኮት በሸፈነበት ቅዳሜ፣ ኦልባን ምን እንደሆነ ለመወሰን ድምፅ ተሰጠ። ዘጠኝ ለዘጠኝ። እንደገና ተሰጠ፤ ዘጠኝ ለዘጠኝ። ያኔ ነው በርኒስ ከኋላ ወንበር ላይ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ብስኩት የሚበላ የማታውቀውን ሰው ያየችው። ማን ልበል አለችው። ሌሮይ እባላለሁ፣ የንብ አርቢዎች ስብሰባ ነው የመጣሁት አላት። የንብ አርቢዎች ስብሰባ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሰውየው ስለ ልዑልና ስለ በር ጠባቂ ሲወራ ስለ ቀፎ መስሎት አንድ ሰዓት ሙሉ በጥሞና ሲያዳምጥ ቆይቷል።

ሊወጣ ሲነሣ ሁለቱም ወገን አስቀመጠው። ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ሰው ከየት ይገኛል? ክላይድ ሃያ ደቂቃ፣ ቬርና ሃያ ደቂቃ አስረዱት። ሌሮይ ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ብስኩቱን ጨርሶ፣ ፍርፋሪውን ከጢሙ አራግፎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ አለ።

«ይሄ ሰውዬ ልዑል ሆኖ ሊዋጋ ከሄደ፣ በሩን ማን ይከፍታል?»

ክላይድ ዶሴውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ።

«እኛ ዘንድ» አለ ሌሮይ፣ «በር ላይ የሚቆሙት ንቦች ከሄዱ ቀፎው ይዘረፋል። እኔ ከሚከፍተው ጋር ነኝ።» እጁን አወጣ።

አስር ለዘጠኝ ሆነ። ክላይድ ዶሴውን ዘጋ፣ ካፖርቱን ለበሰ፣ ስምንት ሰዎች አስከትሎ ወጣ። በወሩ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሌላ አዳራሽ ስላላገኙ እዚያው ምድር ቤት፣ በዚያው ሰዓት፣ በተጣጣፊ መጋረጃ ማዶ ይሰበሰቡ ጀመር።

ቬርና ድሉ ይጣፍጣል ብላ ነበር፤ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነባት። እሷ ወገን ሁሉም ሰው ኦልባን በር ከፋች ነው ይላል፣ ሌላው ልክ ነህ ይለዋል፣ በሃያ ደቂቃ ወሬው ያልቃል። ሌሮይ ስብሰባውን ወዶት መመላለሱን ባይቀጥል ኖሮና ስለ ንብ ባያወራላቸው ኖሮ ምን ይውጣቸው ነበር። ከመጋረጃው ማዶ ግን ክላይድ ስለ ዘውዱ ክብደት ሲከራከርና ሰው ሲስቅ ይሰማል።

መጋቢት ላይ በርኒስ ደወለች። «ልዑል ኦልባን» ተመልካች አጥቶ በአራተኛው ክፍል ቆመ አለቻት። ልዑሉ ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ እንደቀረ፣ አምስተኛው ክፍል አይተላለፍም። በርኒስ እየሳቀች ነበር። ቬርና ሳቋ አልመጣም። ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ገባች፤ በዚያ አገር ሰው ሲሞትበት ለጎረቤት የሚወሰደውን የተፈጨ ሥጋ፣ ፎሶሊያና ድንች ደራርባ በምድጃ አበሰለች፣ ትኩሱን በፎጣ ጠቅልላ በእኩለ ቀን የክላይድን በር አንኳኳች።

ክላይድ ፎጣውን አየ፣ እሷን አየ። አስገባት። ሚስቱ አይሊን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ቬርናም ቤቱን ካየችው እንዲሁ። አንድ አንድ ሳህን በልተው ጨረሱ።

«አይሊን ናት ያለችው» አለ ክላይድ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ቀን፣ ኦልባን ብቅ ሲል። ‹ይሄ ሰውዬ ተራ ሰው አይደለም፣ አቋቋሙን እየው› አለችኝ። እኔ አሾፍኩባት። ክርኑን መለካት የጀመርኩት ከቀብሯ በኋላ ነው።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ይሄማ ማስረጃ አይሆንም» አለ ክላይድ።

ቬርና ድንች ጨመረችለት። ከምሳ በኋላ ለድርጅቱ የጻፈውን ደብዳቤ አምጥቶ ፊደሉን እንድታይለት ለመናት። ቢያንስ አምስተኛው ክፍል ይሠራ፣ ሰው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም ይላል ደብዳቤው። ከሥሩ ዘጠኝ ፊርማ አለ። ቬርና ሁለት ስሕተት አረመች። ከዚያ ያን ድራማ ከልቧ እየጠላችው፣ ብዕሩን ወስዳ አሥረኛዋ ሆና ፈረመች።

ክላይድ ፊርማዋን ትክ ብሎ አየው። «ይሄን ለእነ በርኒስ እንዳትናገሪ።»

«አንተም እንዳትናገር» አለችው።

ድርጅቱ በስድስት ሳምንት መለሰ። ድራማው አይመለስም፤ ስለ ፍቅራችሁ ግን እናመሰግናለን የሚል አንድ መስመርና የወጣቱ ተዋናይ ፎቶግራፍ ነበረበት። ፎቶው ላይ «ለውድ ጓደኛዬ ለክላይቭ» ተብሎ ተፈርሟል። ክላይድ እንደዚያው ክፈፍ አስገብቶ፣ በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ መተላለፊያው ላይ ሰቀለው። አሁን ቬርና ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ልትበላ ስትመጣ ካፖርቷን እዚያ ፎቶ አጠገብ ትሰቅላለች፤ ስለ ተሳሳተው ስምም እስከ ዛሬ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።